ጌጅ ብሎኮች ለምን ይጣበቃሉ፣ እንዴትስ ይጣበቃሉ፦ ለጅማ ቶርኖ ቤቶች የተዘጋጀ የአሠራር መመሪያ

ጌጅ ብሎክ ሁለት ትይዩ ገጾቹ እጅግ እንዲለሰልሱና እንዲስተካከሉ ተደርጎ የተሠራ፣ ርዝመቱም ከማይክሮን (ከሚሊ ሜትር አንድ ሺሕኛ) ባነሰ ስሕተት የታወቀ የጠነከረ ብረት፣ የካርባይድ ወይም የሴራሚክ ቁራጭ ነው። ሁለት ንጹሕ ብሎኮች ገጽ ለገጽ ተገናኝተው በቀስታ ሲንሸራተቱ ያለ ሙጫ፣ ያለ ብሎንና ያለ ማሰሪያ እርስ በርሳቸው ይያያዛሉ። በዚህ ጽሑፍ ማጣበቅ የምንለው ይህንኑ ነው።

ስዊድናዊው ካርል ኤድቫርድ ዮሃንሰን በኤስኪልስቱና ከተማ በሚገኝ የጠመንጃ ፋብሪካ ሲሠራ በ1896 እ.ኤ.አ. የፈጠረው የጌጅ ብሎክ ሥርዓት ሙሉ በሙሉ የቆመው በዚህ መጣበቅ ላይ ነው። የእርሱ የመጀመሪያ ስብስብ 102 ብሎኮች ብቻ የነበሩት ሲሆን፣ ብሎኮቹን እያጣበቁ በመደመር ከ1 እስከ 201 ሚሊ ሜትር ድረስ በ0.01 ሚሊ ሜትር ልዩነት የሚያድጉ 20,000 ያህል ልኮችን ማግኘት ይቻል ነበር። በመጋጠሚያዎቹ መካከል የሚቀረው ክፍተት ከቁጥር የማይገባ ባይሆን ኖሮ አራት ብሎክ ደምሮ የታመነ ልክ ማግኘት የማይታሰብ ነበር።

በጅማና በዙሪያዋ ያሉ ቶርኖ ቤቶች ከሚቀበሏቸው ሥራዎች ብዙዎቹ ከቡና መፈልፈያና ከቡና መቀሸሪያ ማሽኖች ጋር የተያያዙ ናቸው፤ ያለቀ የዘንግ መቀመጫ ይሞላል፣ እንደገና ይቀረጻል፣ አዲስ ኩሽኔታ ይገባበታል። ውስጡ 40 ሚሊ ሜትር የሆነ ኩሽኔታ የሚቀመጥበት ዘንግ ኬ6 በሚባለው የልክ ወሰን ይቀረጽ ከተባለ ዲያሜትሩ ከ40.002 ማነስ፣ ከ40.018 ሚሊ ሜትርም መብለጥ የለበትም። የሠራተኛው መንቀሳቀሻ 16 ማይክሮን ብቻ ነው ማለት ነው። ዲያሜትሩ የሚለካበት መሣሪያ፣ ማይክሮሜትሩ፣ በእርጅና ምክንያት አንድ መቶኛ ሚሊ ሜትር ቢሳሳት ከዚህ ወሰን ከግማሽ በላዩን በላው፤ ማይክሮሜትሩን የሚፈትነው ደግሞ ጌጅ ብሎክ ነው። ስለዚህ ብሎክ ማጣበቅን ማወቅ የላቦራቶሪ ሰዎች ጉዳይ ብቻ ተደርጎ መታየት የለበትም። በእኔ እምነት የመጣበቁን ምክንያት ያልተረዳ ሰው ደረጃዎቹን በቃሉ ቢይዝም በመጀመሪያው እንቅፋት ላይ ይቆማል፤ ምክንያቱን የተረዳ ሰው ግን ብሎኩ አልጣበቅ ባለው ጊዜ ምን እንደሚፈልግ ያውቃል። ለዚህም ከምክንያቱ እንጀምራለን።

የመጣበቁ ምክንያት

በቶርኖ ቤቶች ደጋግመው የሚሰሙ ሁለት ማብራሪያዎች አሉ፤ ሁለቱም ትክክል አይደሉም። የመጀመሪያው ማግኔት ነው የሚለው ነው። ሴራሚክ ብሎክ ማግኔት የማይስበው ቁስ ሆኖ ሳለ እንደ ብረቱ ይጣበቃል፤ ሴራሚክ ከብረት ጋርም ይጣበቃል። እንዲያውም ብረት ብሎክ ማግኔት ከያዘ የብረት ብናኝ እየሳበ ገጹን ስለሚያበላሽ ጉድለት እንጂ ጥቅም የለውም።

ሁለተኛው ማብራሪያ በብሎኮቹ መካከል አየር ስለሌለ የውጭው አየር ገፍቶ ይይዛቸዋል የሚለው ነው። ይህ በስሌት ሊፈተን የሚችል ሐሳብ ስለሆነ እንፈትነው። እስከ 10 ሚሊ ሜትር ርዝመት ያለው ብሎክ ገጹ 9 በ30 ሚሊ ሜትር፣ ማለትም 270 ካሬ ሚሊ ሜትር ነው። በባሕር ጠለል ላይ የአየር ግፊት 101 ኪሎ ፓስካል ያህል በመሆኑ በዚህ ገጽ ላይ ሊያሳርፍ የሚችለው ትልቁ ኃይል 27 ኒውተን ነው። ጅማ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 1,750 ሜትር ገደማ ላይ የምትገኝ ከተማ ስለሆነች የአየሩ ግፊት ወደ 82 ኪሎ ፓስካል ዝቅ ይላል፤ ኃይሉም ወደ 22 ኒውተን ይወርዳል፣ ይህም ከሁለት ኪሎ ግራም ጥቂት ከፍ የሚል ክብደት ማለት ነው። በሚገባ የተጣበቁ ብሎኮችን በቀጥታ ጎትቶ ለማላቀቅ ግን 300 ኒውተን አካባቢ የሚደርስ ኃይል ሊጠይቅ ይችላል። አየር ከሚሰጠው ከአሥር እጥፍ በላይ የሆነው ይህ ኃይል ከሌላ ቦታ መምጣት አለበት። በዚያ ላይ የተጣበቁ ብሎኮች አየር በተመጠጠበት ዕቃ ውስጥ ሲቀመጡም አይላቀቁም። ምክንያቱ አየር ቢሆን ኖሮ በጅማ የተጣበቀ ብሎክ በጅቡቲ ወደብ ከተጣበቀው በአንድ አምስተኛ የላላ በሆነ ነበር፤ በተግባር ግን ከፍታ ለውጥ አያመጣም።

እውነተኛው ምክንያት አብረው የሚሠሩ ሁለት ኃይሎች ናቸው። አንደኛው በገጾቹ መካከል የሚቀረው እጅግ ስስ የፈሳሽ ንብርብር ነው። ብሎኩ ተጠርጎም ቢሆን ትንሽ የዘይት ቅሪት ወይም ከአየር የተወሰደ የውሃ እርጥበት ገጹ ላይ ይቀራል፤ ሁለት እርጥብ መስታወቶች ተደራርበው ሲቀመጡ ለማላቀቅ እንደሚያስቸግሩት ሁሉ ይህ ቅሪት ገጾቹን ወደ ውስጥ ይስባል። በጥሩ ሁኔታ በተጣበቁ ብሎኮች መካከል ያለው ክፍተት ከ25 ናኖሜትር፣ ማለትም ከማይክሮን አንድ አርባኛ አይበልጥም። የውሃ የገጽ ውጥረት በሜትር 0.072 ኒውተን መሆኑን ይዘን ብናሰላ፣ በእንዲህ ያለ ጠባብ ክፍተት ውስጥ የሞላ ውሃ የሚፈጥረው የመሳብ ግፊት ወደ 5.8 ሜጋ ፓስካል ይደርሳል፤ ይህም ከባሕር ጠለል የአየር ግፊት ከ50 እጥፍ በላይ ነው። ፈሳሹ ገጹን ሁሉ ስለማይሞላ በተግባር የሚገኘው ኃይል ከዚህ ያንሳል፤ ቢሆንም ከየት እንደሚመጣ ስሌቱ ያሳያል። በ1912 እ.ኤ.አ. ባጀት የተባለ ተመራማሪ ባቀረበው ጥናት ፍጹም ጸድተው የደረቁ ብረት ገጾች በደንብ እንደማይጣበቁና ጥቂት ፈሳሽ ሲጨመር ግን ጠንክረው እንደሚያያዙ አሳይቷል።

ሁለተኛው ኃይል የቁሶቹ ሞለኪውሎች እርስ በርስ የሚሳሳቡበት፣ ቫን ደር ቫልስ በሚባለው ስም የሚታወቀው ኃይል ነው። ይህ ኃይል ርቀት ሲጨምር እጅግ በፍጥነት ይዳከማል፤ በሁለት ጠፍጣፋ ገጾች መካከል ያለው ርቀት እጥፍ ቢሆን ኃይሉ ወደ አንድ ስምንተኛ ይወርዳል። ለዚህም ነው ተራ የተቀረጸ ብረት ከሌላ ብረት ጋር የማይጣበቀው፦ የሻካራነቱ ኮረብታዎች ብቻ ይነካካሉ፣ የቀረው ገጽ በሞለኪውል መለኪያ እጅግ ተራርቆ ይቀራል። የጌጅ ብሎክ ዓለም አቀፍ ደረጃ የሆነው ኢሶ 3650 መጣበቅን ሲተረጉም ከእነዚህ የሞለኪውል ኃይሎች የመጣ መሆኑን ይጠቅሳል። ይኸው ደረጃ እስከ 150 ሚሊ ሜትር ለሚደርሱ ብሎኮች የገጹ ጠፍጣፋነት ከሚፈቀደው እንዳይወጣ ያዝዛል፤ ይህም እንደ ብሎኩ የጥራት ደረጃ ይለያያል፦ ከሁሉ ለጠራው ለኬ ደረጃ 0.05 ማይክሮን፣ ለ0 ደረጃ 0.10፣ ለ1 ደረጃ 0.15፣ ለ2 ደረጃ 0.25 ማይክሮን ነው።

ከዚህ ሁሉ ለሥራችን የሚወጡ ሦስት ነገሮች አሉ። ዘይት ከበዛ ክፍተቱ ይሰፋል፣ ልኩም ይበላሻል፤ ፍጹም ከደረቀ ደግሞ መያዣው ይደክማል። ገጹ ላይ ወደ ውጭ የወጣ የጠርዝ እሾህ ገጾቹን ያራርቃል። ብናኝ ደግሞ ከሁሉ የከፋ ነው፦ 5 ማይክሮን የሆነች አንዲት የቡና ገለፈት ብናኝ ገጾቹን ከ25 ናኖሜትር በ200 እጥፍ አራርቃ ታቆማቸዋለች። ቡና በሚቀሸርበት አካባቢ የሚሠራ ቶርኖ ቤት ስለዚህ ከሌላው ይበልጥ መጠንቀቅ አለበት።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

ለቶርኖ ቤት የ1 ወይም የ2 ደረጃ ስብስብ ይበቃል። የኬ ደረጃ ለላቦራቶሪ ማመሳከሪያ የተሠራ ስለሆነ ገንዘብን በእርሱ ላይ ማጥፋት አያስፈልግም። አዲስ የሚገዛ ሰው ካለ እና አቅሙ ከፈቀደ፣ በጅማ አየር ሴራሚክ ስብስብ መግዛቱን አጥብቄ እመክራለሁ፤ ሴራሚክ አይዝግም፣ ከሰኔ እስከ መስከረም ያለው ዝናብና እርጥበትም ብረት ብሎኮችን በቶሎ የሚጎዳ ነው።

ለማጽጃ የ99 በመቶ አይሶፕሮፒል አልኮል ያዘጋጁ። በፋርማሲ የሚሸጠው የ70 በመቶ አልኮል ሲሶ ያህሉ ውሃ ስለሆነ በብረት ብሎክ ላይ አይመከርም። የመኪና ቤንዚንም ሲተን ቅሪት ስለሚተው አይጠቀሙበት። ለመጥረጊያ ክር የማይተው ጨርቅ ወይም ለስላሳ የሻሞይስ ቆዳ ያስፈልጋል፤ ጥጥ ክሮቹን ስለሚጥል አይሆንም። ለስላሳ ብሩሽ ወይም በእጅ የሚጨመቅ የጎማ ማናፈሻ፣ ቀጭን ጓንት፣ በ0.1 ዲግሪ የሚያነብ ቴርሞሜትር፣ እና ኦፕቲካል ፍላት የሚባለው ሁለት ገጹ የተስተካከለ ክብ መስታወት ቢኖር ሥራው ይሟላል። መስታወቱ ውድ ስለሆነ ብዙ ቶርኖ ቤቶች አይኖራቸውም፤ በከተማው ባሉ የቴክኒክ ማሠልጠኛዎች ወይም በዩኒቨርሲቲው ካለ ግን በትብብር ማስመርመር ይቻላል። አልኮል ተቀጣጣይ መሆኑን ደግሞ አይርሱ፤ ብየዳ ወይም ሞላ በሚሠራበት አጠገብ ብሎክ ማጽዳት ክልክል ነው።

ልኩን መደመር

ማጣበቅ ከመጀመርዎ በፊት የትኞቹን ብሎኮች እንደሚጠቀሙ በወረቀት ላይ ያስሉ። 87 ብሎኮች ያሉትን የተለመደ ስብስብ እንውሰድ። በውስጡ ከ1.001 እስከ 1.009 የሚደርሱ ዘጠኝ ብሎኮች፣ ከ1.01 እስከ 1.49 የሚደርሱ አርባ ዘጠኝ ብሎኮች፣ ከ0.5 እስከ 9.5 በግማሽ ሚሊ ሜትር የሚያድጉ አሥራ ዘጠኝ ብሎኮች፣ ከ10 እስከ 100 በአሥር የሚያድጉ አሥር ብሎኮች አሉ። ዘዴው ሁልጊዜ ከመጨረሻው አሃዝ መጀመር ነው።

40.018 ሚሊ ሜትር ያስፈልጋል እንበል። በመጀመሪያ 1.008ን ያንሱ፤ ይህ ሲቀነስ 39.010 ይቀራል። ቀጥለው 1.01ን ያንሱ፤ 38 ይቀራል። 8ን እና 30ን ሲጨምሩ ልኩ ይሞላል፣ በአራት ብሎክ። ዝቅተኛውን ወሰን፣ ማለትም 40.002ን፣ በአንድ ጊዜ ጎን ለጎን መሥራት ከፈለጉ 30ው ብሎክ ሥራ ላይ ስለሆነ በ1.002፣ በ9፣ በ10 እና በ20 ይሙሉት፤ ይህም አራት ብሎክ ነው። ሁለቱን ቁልሎች በማይክሮሜትሩ ሲለኩ ንባቡ ከ40.002 እና ከ40.018 ምን ያህል እንደሚርቅ ይታያል፤ ልዩነቱም ዘንጉ በሚለካበት ቦታ የማይክሮሜትሩ ስሕተት ነው።

የብሎክ ቁጥር ባነሰ ቁጥር ይሻላል። ምክንያቱም እያንዳንዱ ብሎክ የራሱን የሚፈቀድ ስሕተት ይዞ ይመጣል፤ የ1 ደረጃ ብሎክ እስከ 10 ሚሊ ሜትር ድረስ ሲሆን ስሕተቱ እስከ 0.20 ማይክሮን ይፈቀዳል፣ ከ25 እስከ 50 ሚሊ ሜትር ባለው ግን እስከ 0.40 ማይክሮን። የመጋጠሚያውን ውፍረት በሚመለከት አንድ የሚያጽናና ነገር አለ። በኢሶ 3650 አተረጓጎም የብሎክ ርዝመት ማለት አንደኛው ገጹ በሌላ ጠፍጣፋ ሰሌዳ ላይ ተጣብቆ ሳለ ከሰሌዳው ገጽ እስከ ሌላው ገጽ ያለው ርቀት ነው። ስለዚህ የአንድ መጋጠሚያ ውፍረት አስቀድሞ በብሎኩ ልክ ውስጥ ተቆጥሯል፤ በትክክል ካጣበቁት የሚጨምሩት ነገር የለም።

የስብስቡ ጫፎች በማይክሮሜትር መንጋጋና በሰሌዳ እንዳይበሉ ሁለት መከላከያ ካርባይድ ብሎኮች ካሉዎት በቁልሉ ሁለት ጫፍ ያድርጓቸው። እያንዳንዳቸው 2 ሚሊ ሜትር ቢሆኑ ከ40.018 ላይ 4 ሚሊ ሜትር ስለሚቀነስ 36.018 ይቀራል፤ እርሱንም በ1.008፣ በ1.01፣ በ4 እና በ30 ይሙሉ። ካርባይዶቹ ሁልጊዜ በአንድ ገጻቸው ብቻ እንዲጣበቁ፣ የሚነካው ገጽ ደግሞ ሁልጊዜ ያው እንዲሆን ምልክታቸውን ይመልከቱ።

ማጽዳትና መመርመር

ብሎኮቹን ከሳጥን ሲያወጡ የመከላከያ ቅባት ይዘው ይወጣሉ። በአልኮል የረጠበ ጨርቅ ይጥረጉ፣ ከዚያ በሌላ ደረቅ ጨርቅ ያድርቁ፣ ሁለቱን ጨርቆች አያምታቱ። እያንዳንዱን ገጽ በአንድ አቅጣጫ ይጥረጉ እንጂ ክብ እየዞሩ አያሽሹ፤ በክብ ሲጠረግ የወጣው ብናኝ እንደገና ወደ ገጹ ይመለሳል። በመጨረሻም ማናፈሻውን ወይም ብሩሹን አንድ ጊዜ ብቻ አሳልፈው ወዲያው ወደ ማጣበቁ ይሂዱ። በአፍ አይንፉ፤ ትንፋሽ ውሃና ምራቅ ይዞ ይመጣል።

አንዳንድ ባለሙያዎች ብሎኩን በመዳፍ ወይም በእጅ አንጓ ላይ አሽተው ነው የሚያጣብቁት። በእርግጥ ይሠራል፤ የቆዳው ቅባት ያን ስስ ንብርብር ይሰጣልና። ነገር ግን ላብ ጨውና አሲድ አለው፣ ለብሎክ ደግሞ የዝገት ዘር ነው። በእርጥቡ የጅማ ክረምት ውስጥ ይህን ልማድ መተው አለብን ብዬ አምናለሁ። የዘይት ቅሪት የሚያስፈልግ ከሆነ በጨርቅ ጫፍ ላይ አንድ ጠብታ ቀጭን የማሽን ዘይት ያድርጉና ገጹን ከነኩ በኋላ በሌላ ደረቅ ጨርቅ እስኪጠፋ ድረስ ይጥረጉት። በዓይን የማይታይ የሆነው ቅሪት ይበቃል።

ገጾቹን በብርሃን ላይ አዘንብለው ይመልከቱ። ቡጭርታ ቢታይ ችግር ላይሆን ይችላል፤ ወደ ውስጥ የገባ ቡጭርታ ገጾቹን አያራርቅምና። ወደ ውጭ የወጣ ጠርዝ፣ ማለትም እሾህ፣ ነው ገዳዩ። እሾሁን ለጌጅ ብሎክ ብቻ በተሠራ ጠፍጣፋ የማለስለሻ ድንጋይ ላይ በቀስታ፣ ያለ ጫና፣ አንድ ሁለት ጊዜ አሳልፈው ያንሱት። ተራ የቢላዋ መሳያ ድንጋይም ሆነ የአሸዋ ወረቀት አይንኩበት።

ማጣበቅ

ወፍራም ብሎኮችን እንደ መስቀል አድርገው ያጣብቃሉ። አንደኛውን በግራ እጅ ይያዙ፣ ሁለተኛውን በላዩ ላይ በ90 ዲግሪ በመሃል ያስቀምጡት። በመጀመሪያ ያለ ጫና ወዲያና ወዲህ ትንሽ ያንቀሳቅሱት። በዚህ ጊዜ ለጣትዎ ሙሉ ትኩረት ይስጡ፦ ገጾቹ በለስላሳው እየተንሸራተቱ ቀስ በቀስ የሚጎትት ስሜት ከጀመሩ መንገዱ ትክክል ነው። የሚፍተግ፣ የሚሻክር ወይም ጠጠር የሚመስል ስሜት ከተሰማዎት ወዲያው ያንሱት፤ ገፍተው ከቀጠሉ ሁለቱም ብሎኮች ይቧጨራሉ፣ ይህም ጉዳት አይድንም። ለስላሳው መጎተት ከተሰማዎት ቀላል ጫና ጨምረው ሁለተኛውን ብሎክ እያዞሩ ከመጀመሪያው ጋር ያስተካክሉት። ጠርዛቸው ሲገጥም ሥራው አልቋል። የላይኛውን ብቻ ይዘው አንሥተው፣ ከጠረጴዛው ላይ ጥቂት ብቻ ከፍ አድርገው፣ ታችኛው መንጠልጠሉን ያረጋግጡ።

ቀጭን ብሎክን በወፍራም ላይ ለማጣበቅ መስቀል አይሠራም፤ ቀጭኑ ሊታጠፍ ይችላል። በምትኩ የቀጭኑን አንድ ጫፍ በወፍራሙ ጫፍ ላይ ጥቂት ሚሊ ሜትር ያሳርፉትና፣ በጣት እየተጫኑ ወደ መሃል እየገፉ ያንሸራትቱት፤ ሲንሸራተት ከፊቱ ያለውን አየርና ትርፍ ፈሳሽ እየገፋ ይሄዳል። ሁለት ቀጭን ብሎኮችን እርስ በርስ ማጣበቅ ከሆነ አንደኛውን መጀመሪያ በወፍራም ብሎክ ላይ ያጣብቁ፣ ሁለተኛውን በዚያ ላይ ያንሸራትቱ፣ ከዚያ ወፍራሙን በማንሸራተት ያውጡ። በወፍራሙ ድጋፍ ቀጭኖቹ ሳይታጠፉ ቀጥ ብለው ይቆያሉ።

ለ40.018 ቁልል ሥራውን ከ30ው ጀምረው 8ን ያክሉበት፣ ከዚያ 1.01ን፣ በመጨረሻ 1.008ን። ከትልቅ ወደ ትንሽ መሄዱ ቀጭኖቹ ሁልጊዜ ጽኑ ድጋፍ እንዲኖራቸው ያደርጋል።

ኦፕቲካል ፍላት ካለዎት ብሎኩን በንጹሕ መስታወቱ ላይ አጣብቀው በመስታወቱ በኩል ይመልከቱ። ባልተጣበቀ ክፍል የቀለም መስመሮች ይታያሉ፤ ሲጣበቅ መስመሮቹ ይጠፉና ገጹ አንድ ወጥ ግራጫ ይሆናል። አንድ ቦታ ብሩህ ነጥብ ከቀረ ብናኝ ወይም እሾህ አለ ማለት ነው። ገጹን ሳያጣብቁ የሚመረምሩበት መንገድም አለ፦ በሶዲየም መብራት ስር መስታወቱን በቀስታ ሲያሳርፉ የሚታዩት መስመሮች እያንዳንዳቸው 0.29 ማይክሮን የሚያህል የከፍታ ልዩነት ይለካሉ። መስመሮቹ ቀጥ ብለው ትይዩ ከሆኑ ገጹ ጠፍጣፋ ነው፤ በጠርዝ አካባቢ ቢጠመዘዙ እሾህ አለ።

አልጣበቅ ካለ

ብሎክ አልጣበቅ ሲል ኃይል መጨመር የተለመደ ስሕተት ነው። እኔ ይህን ጊዜ እንደ ምርመራ ውጤት እንዲወስዱት እመክራለሁ፤ ብሎኩ ገጹ ላይ ያለ ነገር እየነገረዎት ነው። በመጀመሪያ በአልኮል ሁለቱንም ገጾች እንደገና ያጽዱ፤ አብዛኛው ችግር ብናኝ ስለሆነ በዚህ ይፈታል። ካልተፈታ በጣም ደርቆ እንደሆነ ያስቡና ቀደም ሲል የተገለጸውን ጠፍቶ የማይታይ የዘይት ቅሪት ይስጡት። ቀጥለው ብሎኩን ከሌላ ጤናማ ብሎክ ጋር ይሞክሩ፤ ከዚህኛው ጋር ከተጣበቀ በሽታው ያለው መጀመሪያ አልጣበቅ ባለው ጓደኛው ላይ ነው። ሁሉን ሞክረው ያልተጣበቀ ብሎክ በእሾህ፣ በዝገት ወይም በመበላት ምክንያት ተጎድቷል፤ በሥራ ላይ አይጠቀሙበት፣ ከሳጥኑም ምልክት አድርገው ይለዩት። ያልተጣበቀ ብሎክ በቁልል መካከል ማይክሮኖችን ጨምሮ ስለሚያሳስት፣ ከማይክሮሜትሩ ስሕተት ይልቅ የከፋ ጉዳት ያመጣል። መልሶ ማረጋገጫ የሚያስፈልገው ብሎክ ካለ ስብስቡ ወደ አዲስ አበባ ወደሚገኘው የሥነ ልክ ተቋም ለካሊብሬሽን መላክ ይቻላል።

ሙቀት

የርዝመት መለኪያዎች ሁሉ የሚታመኑት በ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። ብረት በእያንዳንዱ ዲግሪ ለአንድ ሜትር 11.5 ማይክሮን ያህል ይረዝማል። አንድ 50 ሚሊ ሜትር ብረት ብሎክ በእጅ ሙቀት 5 ዲግሪ ቢሞቅ ወደ 2.9 ማይክሮን ይረዝማል፤ በ1 ደረጃ የሚፈቀደው ስሕተት ግን 0.40 ማይክሮን ብቻ ነው፣ ስለዚህ አንድ ዲግሪ ብቻውን ከወሰኑ ያስወጣዋል። ካጣበቁ በኋላ ቁልሉን በቀዝቃዛ የብረት ወይም የግራናይት ሰሌዳ ላይ አስቀምጠው ሙቀቱ ከሚለካው ዕቃ ጋር እኩል እስኪሆን ይጠብቁ፤ ለቁልሉ ከግማሽ ሰዓት ያላነሰ፣ ለትልቅ ዕቃ ከዚያ በላይ።

ጅማ ሌሊት የምትቀዘቅዝ፣ ቀን የምትሞቅ ከተማ ስለሆነች የሥራ ቦታው ሙቀት በ20 ላይ የሚቆየው በጥቂት ሰዓት ብቻ ነው። ነገሩ ግን በሚመስለው ልክ አያስፈራም፦ የሚለካው ዕቃ ብረት ከሆነ፣ ብሎኩም ብረት ከሆነ፣ ሁለቱም እኩል ሙቀት ላይ ካሉ አብረው ስለሚረዝሙ ስሕተቱ ይካካሳል። ችግሩ የሚመጣው ቁሶቹ ሲለያዩ ነው። በ26 ዲግሪ 50 ሚሊ ሜትር የአሉሚኒየም ዕቃ ከ20 ዲግሪ ልኩ 6.9 ማይክሮን ሲረዝም ብረቱ 3.45 ማይክሮን ብቻ ይረዝማል፤ የ3.45 ማይክሮን ልዩነት በስሌት መታረም አለበት። ሴራሚክ ብሎክም ከብረት በመጠኑ ያነሰ ስለሚረዝም አምራቹ የሰጠውን ቁጥር ይጠቀሙ። ለተለመደ ሥራ ጠዋት ላይ፣ ከፀሐይ ራቅ ባለ፣ ከቶርኖው ሞተር ሙቀትም በማይደርስበት ቦታ መሥራት ይበቃል።

መለያየትና ማስቀመጥ

የተጣበቁ ብሎኮችን ከሥራ በኋላ ወዲያው ይለያዩ። ለሰዓታት የቆየ ቁልል በጣም ይጠነክራል፤ አዳርና ቅዳሜና እሁድ የቆየ ደግሞ ሳይጎዳ የማይላቀቅበት ጊዜ አለ። ሲለያዩ በቀጥታ አይጎትቱ፣ አያጥፉ፣ አይምቱ። ልክ እንዳጣበቁት፣ በማንሸራተት ወይም በማዞር ያውጡ፤ የመጣበቂያው ኃይል ወደ ላይ ሲጎትቱት የሚቋቋመው፣ በጎን ሲገፉት ግን በቀላሉ የሚሸነፈው ነው። የጸና ካለ በነጭ ጋዝ ውስጥ ለጥቂት ሰዓት ያስቀምጡትና ጠርዙ እስኪረጥብ ይጠብቁ፣ ከዚያ ያንሸራትቱት።

ከዚያ እያንዳንዱን ብሎክ በአልኮል ጠርገው፣ የጣት አሻራ ሳይቀር፣ በጣም ስስ የቫዝሊን ወይም የመከላከያ ዘይት ሽፋን ይስጡና በሳጥኑ የራሱ ቦታ ላይ ይመልሱት። ይህ ለብረት ብሎክ ግዴታ ነው፤ ለሴራሚክ ማጽዳቱ ብቻ ይበቃል። በክረምት ወራት ሳጥኑን በሚገጥም ፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ ከሲሊካ ጄል ከረጢት ጋር ያስቀምጡ። ቀለሙ የሚለወጠው ሲሊካ ሲረጥብ ቀለሙን ይቀይራል፤ በ120 ዲግሪ ሁለት ሰዓት በምድጃ ከደረቀ በኋላ እንደገና ያገለግላል። ሳጥኑን ከቶርኖ ማቀዝቀዣ ፈሳሽ፣ ከባትሪ አሲድና ከጨው ያርቁ። በዓመት አንድ ጊዜ፣ ክረምቱ ሲወጣ በመስከረም፣ ሁሉንም ብሎኮች አውጥተው ገጻቸውን በብርሃን ይመርምሩ፣ ቅባታቸውን ያድሱ፣ የተጠራጠሩትንም ከታመነ ብሎክ ጋር አጣብቀው ይፈትኑ።